በክረምት ፏፏቴና የዱር እንስሳት ለማየት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ወዴት መሄድ ይሻላል?

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ክረምቱ ሲገባ በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በገላን የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ወጣ ብለው ፏፏቴና የዱር እንስሳት ማየት ይፈልጋሉ። ምርጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በቦታው ዝናና በርቀቱ ብቻ ነው። ሁለቱም ሊታሰብባቸው የሚገቡ ቢሆኑም በክረምት ሁለቱንም የሚያስከነዳ ሦስተኛ መለኪያ አለ፤ እርሱም ዝናቡ በየቦታው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ዝናብ ፏፏቴውን ይሞላል፤ በብዙ ቦታ ግን በዚያው መጠን እንስሳቱን ይበትናል፣ ሣሩን ያስረዝማል፣ መንገዱን ያበላሻል። በመሆኑም በሐምሌና በነሐሴ ውኃውንም እንስሳውንም በአንድ ቀን አጥግቦ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ደግሞ ለከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ በጣም ቅርብ ነው። ከዚህ በታች ደብረ ሊባኖስን፣ መናገሻ ሱባን እና አዋሽን በዚህ መለኪያ እያነጻጸርኩ አቀርባለሁ፤ ጢስ ዓባይንና ባሌን ከከተማዋ ዳርቻ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ሄዶ መመለስ ስለማይቻል በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

ዝናቡ የሚሰጠውና የሚነሳው

በሸዋ ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ይጥላል፤ ሐምሌና ነሐሴ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ከደጋው ጠርዝ ተወርውረው ወደ ገደል የሚወርዱ ትናንሽ ጅረቶች ውኃ የሚያጠራቅምላቸው ግድብም ሆነ ሐይቅ ስለሌላቸው የሚሞሉትም የሚደርቁትም ከዝናቡ ጋር ነው፤ በየካቲት ድንጋዩን አርሶ ብቻ የሚያልፈው ውኃ በነሐሴ ድምፁ ከሩቅ እየተሰማ ይወርዳል። እንዲያውም ልዩነቱ በወራት መካከል ብቻ ሳይሆን በቀናትም መካከል ይታያል፤ ማታ ጠንከር ያለ ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ጠዋት ፏፏቴው ሙሉ ይሆናል፣ ለጥቂት ቀናት ካባራ ደግሞ ወዲያው ይሳሳል። ትላልቅ ወንዞች ግን እንዲህ አይደሉም፤ በተለይም ከላይ በኩል ግድብ የተሠራባቸው ከሆነ ክረምትና በጋቸው ያን ያህል አይራራቅም።

የእንስሳቱ ጉዳይ ደግሞ በአመጋገባቸው ይወሰናል። በቆላ ሜዳ የሚኖሩት ሳላና የሜዳ ፍየል በበጋ ውኃ ባለባቸው ጥቂት ቦታዎች ስለሚሰበሰቡና ሣሩም አጭር ስለሚሆን በቀላሉ ይታያሉ፤ ዝናብ ሲጥል ውኃ በየስፍራው ስለሚገኝ ይበተናሉ፣ የረዘመው ሣርም ይሸፍናቸዋል። ይህ ሕግ ግን ለደጋው ዝንጀሮ ለጭላዳና ለጫካው ጦጣ ለጉሬዛ አይሠራም። ጭላዳ የሚመገበው በአብዛኛው ሣር በመሆኑ ክረምት ለእርሱ የጥጋብ ወቅት ነው፤ ጉሬዛም ቅጠል በል ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ከዛፉ ላይ አይጠፋም። በክረምት ወዴት መሄድ እንደሚሻል የሚወስነው በዋነኛነት ይህ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዓቱም ሊታሰብበት ይገባል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ እስከ 8 ሰዓት ገደማ የመልስ ጉዞ መጀመር ይመረጣል። በዚህ ረገድ የዳርቻው ነዋሪ ከመሀል ከተማው ነዋሪ የተሻለ ዕድል አለው፤ ዕድሉ የሚሠራለት ግን በራሱ በር አቅጣጫ ሲወጣ ነው። ሱሉልታ የሚኖር ሰው የጎጃሙን መንገድ ከደጁ ያገኘዋል፤ የሰበታው ነዋሪ ለመናገሻ ደን ጎረቤት ነው፤ ከገላንና ከአቃቂ የሚነሳ ደግሞ በቱሉ ዲምቱ በኩል የአዳማን የፍጥነት መንገድ ወዲያው ይይዛል። ለገጣፎ ኖሮ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄድ ሰው በአንጻሩ አስቀድሞ ከተማዋን የሚያቋርጥበትን ጊዜ መደመር አለበት።

ደብረ ሊባኖስ

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን መንገዱ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ አልፎ ከፍቼ በፊት ወደ ገዳሙ የሚገነጠል አስፋልት ነው። ዝቅተኛ የቤት መኪና ያለው ሰው በነሐሴም ቢሆን ያለ ስጋት ይደርሳል፤ ይህ ብቻውን በክረምት ትልቅ ቁም ነገር ነው። መኪና የሌለውም ከሱሉልታ መንገድ ዳር ወደ ፍቼ የሚሄድ ተሽከርካሪ ይዞ መገንጠያው ላይ በመውረድ፣ የቀረውን ጥቂት ኪሎ ሜትር በባጃጅ ወይም በእግር መጨረስ ይችላል።

ፏፏቴው የሚገኘው በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ እየተባለ በሚጠራው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ነው። ድልድዩን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያሠሩት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ይነገራል፤ ስያሜው ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጅረት ጥቂት እንደሄደ መሬቱ ያልቅበትና ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ከዚያም ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይቀላቀላል። በበጋ የመጣ ጎብኚ ድልድዩን አይቶ ይመለሳል፤ በነሐሴ የመጣ ግን ድልድዩን የረሳው እስኪመስል ድረስ ውኃውን ሲያይ ይቆያል። በክረምት እዚህ ያለው ችግር ጉሙ ነው። አንዳንድ ጠዋት ሸለቆው ከአፍ እስከ ገደፉ በጉም ይሞላና ፏፏቴው ሲወርድ ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ፀሐይ ስትበረታ ወይም ነፋስ ሲነሳ ግን ይገለጣል። ስለዚህ እንደደረሱ ጉሙን አይቶ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ቀድሞ ወደ ገዳሙ ወርዶ ተሳልሞ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ድልድዩ መመለስ ይሻላል።

በአንድ ጉዞ ፏፏቴንና የዱር እንስሳን ያገናኘልን ግን ጭላዳው ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም፤ ሌሊቱን ከአውሬ ለመጠበቅ ገደሉ ላይ ባሉ ጠባብ ደርቦች ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ ወደ ሜዳው ወጥቶ ይሰማራል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው አበላሉ ራሱ ትልቅ ትርኢት ነው። በመቀመጫው ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለምለሙን ሣር አንድ በአንድ ይነጫል፤ ሁለቱንም እጆቹን እያፈራረቀ እፍኙ እስኪሞላ ይሰበስብና ወደ አፉ ያስገባል፤ ፊቱ ያለው ሣር ሲያልቅ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ቀጣዩ ይጠጋል። ወንዱ ትከሻውንና ጀርባውን የሚሸፍን ረጅም ጎፈር አለው፤ በወንዱም በሴቷም ደረት ላይ ጸጉር የሌለው ቀይ ሥፍራ ይታያል። በክረምት አዲሱ ሣር አፋፉ ድረስ ስለሚበቅል መንጋው ሥር ፍለጋ ሲቆፍር ከመዋል ይልቅ ሜዳው ላይ ተረጋግቶ ይውላል፤ ሕፃናትም ቢሆኑ ሳይሰለቹ ሊያዩት ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። በእረፍት ቀናት የሚመጡ ጎብኚዎች ለጭላዳዎቹ ዳቦና ሙዝ ሲወረውሩ ይታያሉ። ነገሩ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም የእንስሳውን ጠባይ ያበላሻል፤ ሣር በል የነበረው መንጋ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መጠበቅ ይጀምራል፣ የሰው እጅ የለመደ ወንድ ጭላዳም ሕፃን ልጅ የያዘውን ለመንጠቅ አይመለስም። ምግብ መኪና ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ልጆችም ከመውረዳቸው በፊት ይነገራቸው።

ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ሲሆን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን የፈጀበት ሥፍራም ነው። ስለዚህ ለፏፏቴ የመጣ ሰውም ቢሆን አለባበሱንና ድምፁን እንደ ቦታው ክብር ማድረግ አለበት። ቀኑን ሲመርጥም የገዳሙን አቆጣጠር ማሰብ ይገባዋል፤ ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት የሚከበርበት ዕለት በመሆኑ እጅግ ብዙ ምእመን ወደዚያ ይጎርፋል። ለመሳለም ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ጸጥ ያለ ሜዳና የተረጋጋ መንጋ ለሚፈልግ ግን ዕለቱና ዋዜማው አይመቹም።

በመልስ ጉዞ ዝናቡ ካልከበደ የሱሉልታን ሜዳ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ረግረጋማ ሜዳ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን የኢትዮጵያ ዝይና ሌሎች በሀገራችን ብቻ የሚገኙ አዕዋፍን ያስጠልላል። ዙሪያው ላይ የሚሠሩት ቤቶችና መጋዘኖች በየዓመቱ እየጨመሩ ስለሆነ፣ እዚያው አጠገብ የምንኖር ሰዎች እንኳ ያለንን ሳናውቀው እንዳናጣው እሰጋለሁ።

መናገሻ ሱባ

ወደ ምዕራብ በኩል ያለው ምርጫ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከመሀል አዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከሰበታ የሚነሳ ሰው ግን ከዚህ ከግማሽ ያነሰ መንገድ ነው የሚጠብቀው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል፤ በዚህም በአፍሪካ በጥንት ጊዜ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች መካከል ይቆጠራል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

እዚህ የሚታየው እንስሳ ከሁሉ በፊት ጉሬዛ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ጸጉሩን እንደ ካባ ዘርግቶ ከጥድ ወደ ዝግባ ሲዘል ማየት ለማንም ሰው ዓይን ይማርካል። የምኒልክ ድኩላም በደኑ ውስጥ ይኖራል፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ መልክ ያለው ሲሆን፣ የሚታየው በማለዳና ለዚያውም ድምፅ ላላሰማ ተጓዥ ነው። የውኃው ነገር ግን ከደብረ ሊባኖስ ጋር አይወዳደርም። በደኑ ውስጥ በክረምት የሚሞሉ ጅረቶችና ትናንሽ ፏፏቴዎች ቢኖሩም፣ ከገደል የሚወረወር ትልቅ ፏፏቴ በዓይነ ሕሊናው ይዞ የሄደ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። የጥንት ዛፍ ጥላ፣ የእግር ጉዞና የአዕዋፍ ድምፅ ለሚወድ ግን በከተማዋ አቅራቢያ ከዚህ የሚስተካከል ቦታ አላውቅም።

ትልቁ እንቅፋት መንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለው የአፈርና የጠጠር መንገድ በሐምሌና በነሐሴ ለቤት መኪና አይሆንም፤ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ እንቅስቃሴ መኪና የሌለው ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ የመዋል ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ ምክንያት መናገሻን ለሰኔ መጀመሪያ ወይም ለመስከረም ማቆየትን እመርጣለሁ። በመስከረም ተዳፋቱ አደይ አበባ ይለብሳል፣ ጅረቱ አይጎድልም፣ መንገዱም መጠንከር ይጀምራል።

አዋሽ

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስሙ ከሁሉ የገነነ በመሆኑ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ይህ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ አምበራይሌ፣ ከርከሮና እንሹ ይኖሩበታል፤ ከፏፏቴው በታች ባለው ወንዝ ደግሞ አዞ አለ። ነጩ ዝንጀሮና ተራው ዝንጀሮ የሚገናኙበትና የሚዳቀሉበት አካባቢ በመሆኑም ለብዙ ዓመታት የሳይንስ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ኖረዋል። በዓይነትና በብዛት አዋሽ ሌሎቹን ሁለቱን እንደሚበልጥ አያከራክርም።

ሆኖም ለክረምት አልመርጠውም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ተሸክሞ የሚመጣውን አቃቂንም ተቀብሎ ወደ ቆቃ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ደግሞ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይለቅቃል። ስለዚህ የአዋሽ ፏፏቴ በጥርም ቢሆን ውኃ አያጣም፤ በክረምት ድፍርስና ጉልበተኛ ሆኖ በሰፊው ሲወርድ ማየት ቢያስደንቅም እንደ ደብረ ሊባኖሱ ጅረት ክረምት ካልሆነ የማይታይ ነገር አይደለም። እንስሳቱ ግን በክረምት ይበተናሉ፤ በኢላላ ሳላ ሜዳ በጥር በግልጽ የሚታየው ሳላ በነሐሴ ከረዘመው ሣር ጀርባ ቀንዱ ብቻ ሊታይ ይችላል። የፓርኩ ውስጥ መንገድም ዝናብ ሲነካው ይጨቀያል። ውኃውም እንስሳውም በደህና የሚገኙበት ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ስለሆነ፣ አዋሽን ለልጆች የገና ወይም የግማሽ ዓመት እረፍት ማቆየት ይሻላል።

በዚህ ላይ ሌሎች የሚታሰቡ ነገሮች አሉ። ከአዳማ በኋላ ያለው መንገድ የጅቡቲ የጭነት መኪኖች የሚበዙበት በመሆኑ በሌሊት መንዳት አይመከርም፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚያስብ ሰው ደግሞ መምሸቱ አይቀርለትም። አካባቢው ቆላ ስለሆነ የወባ መከላከያ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወባ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮም በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነዋሪዎች ከቀያቸው እስከ መነሳት ደርሰዋል፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ወይም የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለወቅቱ ሁኔታ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሩቆቹ

ወደ 45 ሜትር ከፍታ ያለው ጢስ ዓባይ በሀገራችን ፏፏቴዎች ሁሉ የታወቀ ነው፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ስለሚመነምን ጊዜው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ባሕር ዳር ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የመንገዱም ጸጥታ አስቀድሞ ተጠይቆ መታወቅ ያለበት ነው። የባሌ ተራሮች ደግሞ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን የሚታዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው፤ ዲንሾ ላይ አጋዘኑን በክረምትም ማየት ይቻላል፣ የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ በመሆኑ በነሐሴ ብርዱና ጉሙ ይከብዳል። ለባሌ ቢያንስ ሦስት ሌሊት መመደብ ያስፈልጋል።

ለማን የቱ?

ሕፃናት ወይም አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ፣ ዝቅተኛ መኪና ላለው ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ለሚጓዝ ሰው በክረምት ምርጫው ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ጭላዳዎቹን ለማየት ከአፋፉ መውረድ አያስፈልግም፣ ወደ ድልድዩ የሚወስደው የእግር መንገድም አጭር ነው። ድንጋዩ ግን በክረምት ሽበት ስለሚያበቅል እጅግ ያንሸራትታል፤ በፏፏቴው አናት ላይ መከለያ የለም ብሎ ማሰብና ልጅን እጁን ሳይለቁ መያዝ ይገባል። የአካባቢው ወጣቶች መንገድ ለመምራት ሲቀርቡ ዋጋውን ከመነሻው ተስማምቶ አንዱን መያዝ መልካም ነው፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥና መንጋው ዛሬ በየት በኩል እንደዋለ ያውቃሉ። ጃንጥላ በአፋፉ ነፋስ ላይ አይረባም፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ፣ ጥሩ ሶል ያለው ጫማና ለልጆች ቅያሪ ካልሲ ይያዝ።

ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ እንቅስቃሴ መኪና ያላቸውና በእግር መሄድ የሚወዱ ወጣቶች፣ በተለይ ከሰበታና ከቡራዩ የሚነሱ ከሆነ፣ መናገሻን በመስከረም ቢያስቡ አይቆጩም። የገላንና የአቃቂ ነዋሪ ምንም እንኳ የፍጥነት መንገዱ ከደጁ ቢሆንም፣ በክረምት ከተማዋን አቋርጦ ወደ ሰሜን ቢሄድ የተሻለ ያያል።

ቀን መምረጥ ለሚፈልግ ከሁሉ የሚሻለው ከነሐሴ 17 እስከ 22 ያለው ጊዜ ነው። ፏፏቴው በሙላቱ ላይ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ስለሚሆን በጫንጮና በሙከጡሪ መንገድ ዳር ምግብ እንደልብ ይገኛል፣ ሰላሌ ወተቱን የሚያወጣበትም ወቅት ነው፤ የነሐሴ 24 ተሳላሚም ገና አልተንቀሳቀሰም። ይህ ያለፈበት ሰው ጳጉሜንን ይያዝ፤ ዝናቡ መቀነስ ይጀምራል፣ ጉሙም ቀደም ብሎ ይገለጣል። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ የሥራ ቀን መምረጥ ከተቻለ መንጋው አጠገብ የሚቆመው ሰው ስለሚያንስ ጭላዳው ይረጋጋል። ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት ደግሞ ፍቼ ወይም ደብረ ጽጌ ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሎ የመንገዱን ሰላምና የዝናቡን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል፤ ሌሊቱን ዘንቦ እንደሆነ ጠዋት መነሳቱ አይቅር።